የሳምንት አስቤዛ፦ መጀመሪያ ወጡን ጻፉ፣ ከዚያ ገበያ ውጡ

ባለአራት ቤተሰብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኑሮ ውድነት እዚህ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ቤቴ ውስጥ የሚሠራልኝን ነገር ላካፍላችሁ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ተማሪ ልጆች። ሁለታችንም ደሞዝተኞች ነን።

ዋናው ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ገበያ ከመውጣታችን በፊት የሳምንቱን ወጥ እንጻፍ። ብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ይገዛል። ከዚያ ፍሪጅ ተከፍቶ «ዛሬ ምን ይሠራ?» ይባላል። ጎመኑ ቢጫ ሆኗል፣ ቲማቲሙ ፈርጧል፣ ለእራት የሚሆን ግን የለም። ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። አንድ ፓስታ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሳልሳ። ብሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ትልቁን ግዢ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል። ትንንሹን ማንም አይቆጥረውም።

እኔ አስቤዛን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። የወሩ ደረቁ ነው፦ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና። ይሄ ደሞዝ በወጣ ሰሞን ይገዛል። የሳምንቱ ደግሞ እርጥቡ ነው፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ሲሆን ሥጋ። የእርጥቡን ብር በፖስታ አስቀምጣለሁ። ፖስታዎቹ አምስት ናቸው፣ አራት አይደሉም። ብዙ ሰው ወሩን ለአራት ሳምንት ይከፍልና መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ትተርፈዋለች። ለእሷ የተያዘ ብር የለም። ዱቤ የሚጀመረው በእነዚያ ቀናት ነው። አምስተኛዋ ፖስታ ትንሽ ናት፣ ግን ወሩን ትዘጋዋለች።

ቅዳሜ ማታ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። በመጀመሪያ ቤት ያለውን አያለሁ። ከዚያ ረቡዕና ዓርብን እሞላለሁ፤ ጾም ስለሆኑ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ረቡዕ ሽሮና ሰላጣ። ዓርብ ክክ አልጫና ጎመን። ሰኞ ምስር ወጥ ከጥቅል ጎመን ጋር፣ ምክንያቱም ጥቅል ጎመኑ ትኩስ ነው። ማክሰኞ መኮሮኒ በአትክልት። ሐሙስ ድንች ወጥ፣ ለልጆቹ እንቁላል። ሥጋ ካለ እሁድ ነው። ቅዳሜ ማታን ባዶ እተዋታለሁ። ከሳምንቱ የተረፈው የሚበላው ያን ቀን ነው፣ ካልተረፈ ፍርፍር ይሠራል። በሳምንቱ መሐል እንግዳ ቢመጣም የቀኑ ምግብ ይቀርብለትና ባዶዋ ቀን ትሸፍነዋለች።

ወረቀቱ ላይ ወጦቹ ሲጻፉ የሚገዛው ራሱ ይወጣል። ካሮት ስንት ቦታ ይገባል? ጥቅል ጎመን ላይ፣ መኮሮኒ ላይ፣ አልጫ ላይ። እንግዲያው አንድ ኪሎ ይበቃል። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚገዛ ነገር የለም።

አሁን ስለ ሽንኩርት። የአበሻ ቤት በጀት ሽንኩርትና ዘይት ላይ ነው ያለው፣ ሥጋ ላይ አይደለም። ሥጋ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሽንኩርት ግን በየቀኑ ይከተፋል። እኔ እሁድ ከሰዓት የሳምንቱን ቁሌት አንድ ላይ እሠራለሁ። ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጌ እከትፋለሁ። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት አስቀምጠዋለሁ። ውሃውን ይለቃል፣ ያንን ራሱ እስኪመጥ አማስለዋለሁ። ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ። ዘይት የሚገባው ሽንኩርቱ ከለሰለሰ በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚፈጀው ዘይት በጣም ይቀንሳል፣ ወጡም አያንስም። ግማሹ ላይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ገብቶ በደንብ ይቁላላል፣ ይሄ የምስርና የድንች ነው። ግማሹ በእርድ ለአልጫ ይቀራል። በክዳን ዕቃ ተከፋፍሎ፣ የሳምንቱ መጀመሪያ ፍሪጅ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ፍሪዘር። ማታ ከሥራ ስገባ ወጡ ቶሎ ይደርሳል። የመብራት ካርዱም ላይ ለውጡ ይታያል።

እናንተስ እንዴት ነው የምታደርጉት? በተለይ የቁርስና የምሳ ዕቃ ነገር ላይ ሐሳብ እፈልጋለሁ።

ወንደላጤ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቆንጆ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ግን ለብቻው ለሚኖር ሰው ይሄ ይሠራል? ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ፍሪጅ የለኝም። ምሳና እራት ውጭ ነው የምበላው። ደሞዜ ግማሹ ምግብ ቤት ይቀራል። ቤት ውስጥ ላብስል ስል ደግሞ ለአንድ ሰው መግዛት ይከብዳል፤ አንድ ጥቅል ጎመን ማን ይጨርሰዋል?

ባለአራት ቤተሰብ፦
ወንድሜ፣ ለአንተ ሳምንቱን ሙሉ ማቀድ አያስፈልግም። እራትን ብቻ ያዝ። ምሳህን ሥራ ቦታ ብላ፣ እራት ቤት ይሁን። ፍሪጅ ለሌለው ሽሮ የመጀመሪያው ነው። ዱቄት ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ የምትበላውን ያህል ብቻ ነው የምታንተከትከው። ከሽሮ ቀጥሎ ሩዝ በካሮትና ድንች፣ ከዚያ እንቁላል በቲማቲም። ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ውጭ ቢያድሩ ችግር የለባቸውም። ሽንኩርትና ድንችን ግን አንድ ላይ አታስቀምጥ፤ ቶሎ ይበቅላሉ። ድንቹን ብርሃን ከማያገኘው ቦታ አድርገው። አረንጓዴ ከሆነ ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። እንጀራ በቀን የምትበላውን ብቻ ግዛ። ጥቅል ጎመን ትንሿን ምረጥ፣ ወይ ከጎረቤት ጋር ተካፈል። ተከራዮች እርስ በርስ መካፈል ብንለምድ ሁላችንም ይቀለናል።

የሰፈር ባለሱቅ፦
እኔ ከባንኮኒው በዚህ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ባለአራት ቤተሰብ ያለችው እውነት ነው። ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ የሚወስድ ሰው በወር ሲደመር ባለአምስት ሊትሩን ከሚገዛው በላይ ይከፍላል። የማሸጊያው ዋጋ አለ፣ የእኔ ትርፍ አለ፣ ሁለቱም በእያንዳንዷ ጠርሙስ ላይ ይደገማሉ። ስኳርም እንደዚያው ነው።

ስለ ዱቤ ግን አንድ ነገር ልበል። ዱቤ ሰውን ከችግር ያወጣል፣ እኔም ደንበኞቼን ደስ ብሎኝ አስይዛለሁ። የሚጎዳው የማይታየው ዱቤ ነው። ልጅ ይላካል፣ «እማዬ አስይዝ ብላለች» ይላል፣ ብስኩትም ለስላሳም አብሮ ይጻፋል። በወሩ መጨረሻ እናትየው ደብተሩን ስታይ ትደነግጣለች። ዱቤ የምትይዙ ሰዎች የራሳችሁም ደብተር ይኑራችሁ። በየሳምንቱ ከባለሱቁ ጋር አመሳክሩት። ማንም ቅን ባለሱቅ በዚህ አይቀየምም።

የቀን ገቢ፦
ሁላችሁም ደሞዝተኛ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ በቀን ሥራ ነው የምተዳደረው። ባለቤቴ ልብስ ታጥባለች። ሦስት ልጆች አሉን። ብር የሚገባው በየቀኑ ነው፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን የለም። ባለአምስት ሊትር ዘይት የምገዛበት ብር አንድ ላይ እጄ ላይ ገብቶ አያውቅም። ሩብ ሩብ የምንገዛው እንደሚያስወድድ ስላላወቅን አይደለም። ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው።

ባለአራት ቤተሰብ፦
ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። የፖስታው ነገር ወርኃዊ ደሞዝ ላለው ነው። በየቀኑ ለሚገባ ብር እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጻፉ። መልሱን እኔም እፈልገዋለሁ።

እናት ዓለም፦
ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ልጆቼን ያሳደግኩት ጉልት እየሸጥኩ ነው። ስለዚህ ለአንተ ልመልስልህ፣ የቀን ገቢ።

በየቀኑ ለሚገባ ብር የሚያዋጣው የቀን ዕቁብ ነው። ብሩን ቤት ብታስቀምጠው ያልቃል። ዕቁቡን ደግሞ ለአስቤዛ ብለህ ግባ። ለልብስ ሌላ ጊዜ ትገባለህ። እኛ ጊቢ ውስጥ ሆነን እንዲህ እናደርግ ነበር። ዕቁቡ የደረሳት ሴት መጀመሪያ የምትገዛው ጤፍና ዘይት ነው። ሙሉ ኩንታል ካልቻለች ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ሆና መቶ ኪሎውን ለአራት ይካፈሉታል። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ይደርሳቸዋል። የጅምላውን ዋጋ ሁሉም ያገኙታል። በርበሬም እንደዚሁ ነው። በጋራ ይገዛል፣ በጋራ ይቀነጠሳል፣ ወፍጮ ቤት አንድ ላይ ይሄዳል።

ሌላው፣ የገበያ ሰዓት ነው። ማታ ላይ ጉልት ውጣ። አትክልት የምትሸጠዋ ሴት ያደረ ቲማቲም ይዛ መግባት አትፈልግም። መደቡን ከፍ አድርጋ ትሰጥሃለች። ለስለስ ያለው ቲማቲም ለስልስ ወይም ለወጥ ነው የሚሆነው፣ ያን ዕለት ማታ ከበሰለ ምንም አይለውም። ግን አትጨቅጭቃት፤ እሷም ልጆች አሏት።

ጤፍም «ማኛ ካልሆነ» አትበሉ። ሰርገኛ ይበቃል። እኛ ማሽላ እየቀላቀልን ጋግረናል። እንጀራው ትንሽ ይደርቃል፣ ስለዚህ ትኩሱን መብላት ነው።

የቀን ገቢ፦
እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። የጤፉን መካፈል ለባለቤቴ እነግራታለሁ። ጊቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ አለን። ልጆቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ቅዳሜና እሁድ ነው የሚከብደን።

ባለአራት ቤተሰብ፦
እንግዲያው የእናንተ ዕቅድ የሚጀመረው ከዓርብ ማታ ነው። ምገባው ከሰኞ እስከ ዓርብ ይዟችኋል፤ ለሁለቱ ቀን ብቻ አስቡ። ቅዳሜ ጠዋት ቂንጬ፣ ምሳ ሽሮ። እሁድ ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ ምስር ወይ ባቄላ። ጥራጥሬው ደረቅ ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ባለ ቀን ትንሽ ትንሽ መያዝ ይቻላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ክረምቱ ረጅም ነው። ዕቁባችሁ ሰኔ ላይ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑት።

የጤና ባለሙያ፦
ነርስ ነኝ። ውይይቱን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ስጋት አለኝ፣ እሱን ልናገር። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እንቁላልና ጥራጥሬ ነው። ዳቦና ሻይ ይቀራል። ልጅ በዳቦና ሻይ ይጠግባል፣ ግን አያድግበትም። እባካችሁ የምትቆርጡት ለስላሳ፣ ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ ይሁን።

ርካሽ የሆኑት ምግቦቻችን ጥሩዎቹ ናቸው። ምስር፣ ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ፕሮቲንም ብረትም አላቸው። ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ አብሮ ይቅረብ። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ይከለክሉታል፤ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ይሄን ያዙ።

የሻገተ እንጀራን ሻጋታውን ብቻ ቆርጦ መብላት ቁጠባ አይደለም። እንጀራ ለስላሳ ነው፣ ሻጋታው በዓይን ከሚታየው አልፎ ይገባል። ለውዝና በርበሬም ከሻገቱ ይጣሉ። ድርቆሽ የሚሆነው ሳይሻግት የተሰጣው ነው። እንጀራው እንደማያልቅ ሲታወቅ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ቀድዶ ማስጣት ነው።

ለባለአራት ቤተሰብ ስለ ምሳ ዕቃ፦ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ በጾም ቀን ሩዝ በምስር ወይም ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ ሌሊቱን ውጭ አይደር። ሲቀዘቅዝ ቶሎ ፍሪጅ ይግባ።

የኮልፌዋ፦
ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም የለንም። ሳምንታችን የሚዞረው በጁምዓ ነው። ዓርብ ምሳ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሥጋውም የሚገዛው ለዚያ ቀን ነው። ቅዳሜ የተረፈው መረቅ ሩዝ ይሠራበታል። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ምስር፣ ሽሮ፣ ፎሶሊያ፣ ፓስታ ነው።

የሚያስቸግረን ረመዳን ነው። ይጾማል፣ ወጪው ግን ይጨምራል። ሳምቡሳ አለ፣ ሾርባ አለ፣ ተምር አለ፣ ዘመድ ለኢፍጣር ይጠራል። እኔ የማደርገው ሻዕባን፣ ማለትም ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሲገባ ምስሩንና ተምሩን ቀድሜ መያዝ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለሚገዛ ዋጋው ይወጣል። የሳምቡሳውን ቂጣ ቤት ነው የምጋግረው። ልጆቹ ምስር ይሞሉበታል፣ ፍሪዘር ውስጥ ይደረደራል፣ በየቀኑ የሚበላው ብቻ ይጠበሳል። የመጥበሻው ዘይት ነው ትልቁ ወጪ። ሰፊ መጥበሻ ትቼ ትንሽና ጠለቅ ያለ ድስት ስጠቀም የሚፈሰው ዘይት በጣም ያንሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነው የምጽፍላችሁ። እዚህም አስቤዛ ቀላል አይደለም፣ በተለይ የአበሻ ምግብ ለሚበላ። እንጀራ በፓኬት ነው የምንገዛው። ግማሹ በገባበት ቀን ፍሪዘር ይገባል፣ አንዱን ከአንዱ በላስቲክ ለይተን። ሥራችን በፈረቃ ስለሆነ እሁድ አንዴ እናበስላለን። የእህቴ የቁሌት ዘዴ እዚህም ይሠራል። በርበሬውና ሽሮው ከእናቴ ነው የሚመጣው፣ ሰው ሲገኝ። ደረቁን ከአገር ቤት፣ እርጥቡን ከዚህ። አከፋፈላችሁ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

አባወራ፦
ውጭ ስለሚበላው ሥጋ ማንም አላነሳም። ወንዶች ቁርጥ ቤት የምናወጣውን ብር ብንደብቀው ዕቅዱ አይሠራም። አንድ ቀን ከጓደኛ ጋር የሚበላ ጥብስ የቤቱን የሳምንት አትክልት ያህል ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ተነጋግረን የወሰንነው፣ የእኔም የውጭ ምሳ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። የእሷም እንደዚያው። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ነው የተለጠፈው፣ ሁለታችንም እናየዋለን።

ለበዓል ደግሞ ቅርጫ እንገባለን። በሬውን ለብዙ ሰው ስንካፈል ከሥጋ ቤት ኪሎ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል። መደቡ ቤት ሲገባ ግን ለሁለት ቀን ሁሉም ጥብስ እንዳይሆን። ጥሩ ጥሩው ለበዓሉ፣ ከቀረው ቋንጣ ይዘልዘል፣ አጥንቱ በየሳምንቱ ለሾርባና ለቅቅል ይከፋፈል። ቋንጣ ከደረቀ በኋላ ለወራት ፍርፍር ይሆናል።

ባለአራት ቤተሰብ፦
አባወራ፣ ተባረክ። ይሄን ሴት ብትጽፈው ጭቅጭቅ ይመስል ነበር። ባልየው የማያውቀው በጀት የቤቱ በጀት አይደለም።

አዲስ ሙሽራ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከተጋባን ገና ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ አትክልት የት ነው የሚሻለው? እኔ ያለሁት አያት ነው። ሁለተኛ፣ ለፋሲካ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት እንዴት ይያዛል? እናቴ ሁልጊዜ በዋዜማው ተወደደ ስትል ነው የምሰማት።

ባለአራት ቤተሰብ፦
እንኳን ደስ አላችሁ የኔ እህት። አያት ከሆንሽ ለሚ ኩራ የተሠራው የግብርና ምርት ገበያ ማዕከል ይቀርብሻል። የእሁድ ገበያም አለ፣ ማኅበራት ምርት ይዘው ይመጣሉ። ዘይትና ስኳር ሸማቾች ማኅበር ሲገባ ጠይቂ። ግን ታክሲውን ደምሪበት። ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ሁለት ታክሲ ተይዞ ከተሄደ የሰፈር ጉልት ይሻላል። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ በብዛት ከገዛችሁ ግን ያዋጣል።

እናት ዓለም፦
ስለ ሽንኩርቱ እኔ ልንገርሽ ልጄ። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ ጊዜ አለሽ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዢ። ልጣጩ ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን ምረጪ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነውን። አንገቱ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ አይቆይም። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጪው። ዘንቢል ላይ ወይ ሰፌድ ላይ በትነሽ፣ ነፋስ ከሚያገኘው ቦታ። በየሁለት ቀኑ አገላብጠሽ የለሰለሰውን አውጪ፣ አንዱ ሲበሰብስ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። የለሰለሰውን ለጾም ወጡ ተጠቀሚበት።

ቅቤውንም ቀድመሽ አንጥሪ። ዶሮና እንቁላል ብቻ ለመጨረሻው ሳምንት ይቅሩ። እንቁላሉን ስትገዢ ውሃ ውስጥ ሞክሪው፣ የሚንሳፈፈው ያረጀ ነው።

አዲስ ሙሽራ፦
እሺ እማማ፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ይሁን ለአንድ ዶሮ?

እናት ዓለም፦
ዶሮዋ መካከለኛ ከሆነች ሁለት ኪሎ ተኩል። ደቃቅ ክተፊው፣ ያለ ዘይት ጀምሪው፣ ባለአራት ቤተሰብ እንዳለችው። እንግዳ ከበዛብሽ ሦስት አድርጊው።